ከመንገዱ ማዶ የቆመችው መኪና

ሰው ቶሎ አላምንም። ይህን የምነግራችሁ ልኩራራበት ብዬ ሳይሆን፣ ያለዚህ ጠባዬ የሚቀጥለው ታሪክ ስለማይገባችሁ ነው። ደሴ እያለን እናቴ «ይቺ ልጅ የሰላምታ እጅ እንኳ አገላብጣ ሳታይ አትጨብጥም» ትለኝ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ መጥቼ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ስሆን፣ ጠባዬ ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ሆነና አረፈው። የእኛ ሥራ ግማሹ መንዳት፣ ግማሹ መስተዋት ማየት ነው። ሰው ተቀምጦበት የማይንቀሳቀስ መኪና ካየን ልጅ ከማውረዳችን በፊት እንጠረጥራለን። እንድንጠረጥርም ሥልጠና ወስደናል።

ስሜ ዘይነብ ነው። የምኖረው አትላንታ ዳር፣ ስኮትዴል ውስጥ ነው። ጀመዓችን ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያው ሰፈር አንድ አሮጌ የጡብ ቤት ገዝቶ መስጂድ አደረገው። ከእኛ በፊት ጎማ መሸጫ ነበር። ከጎማ መሸጫው በፊት ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም፤ የጠየቀም የለም። ወንዶቹ ከፊት ባለው ሰፊ አዳራሽ ይሰግዳሉ። እኛ ሴቶቹ በጓሮ በር ገብተን፣ ከአንድ ወፍራም ግድግዳ ጀርባ ባለችው ክፍል እንሰግዳለን። ክፍሏ መስኮት የላትም። ኮርኒሷ ዝቅ ያለ ስለሆነ በጠራራ ፀሐይም መብራት ካልበራ አይታይም። ኢማሙን አናያቸውም፤ ድምፃቸውን የምንሰማው ግድግዳው ላይ በተሰቀለች ትንሽ ስፒከር ነው።

አንድ ጁምዓ፣ ሱጁድ ላይ እንዳለን ስፒከሯ ድምፅዋ ጠፋ። «አላሁ አክበር» እስኪባል ግንባራችንን ምንጣፉ ላይ ደፍተን ጠበቅን። ኢማሙ ዛሬስ ዱዓ አበዙ እያልኩ ነበር። በመጨረሻ የአንዷ ትንሽ ልጅ ከወንዶቹ በኩል እየሮጠች መጣችና «ማሚ፣ እነሱ ኦልረዲ ጨርሰዋል! ጫማ እያደረጉ ነው!» አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔ ግን አለቀስኩ። እንደ ተረሳ ዕቃ ነበር የተሰማኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ ያ ግድግዳ እንዲፈርስ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ሐጂ ሙሐመድ «ቀስ እያልን ነው ልጄ፣ አትቸኩይ» እያሉ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ አሻገሩኝ። እኔም ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ተነሳሁ፤ ተከራከርኩ፤ አንዳንዴም ድምፄን ከፍ አደረግኩ። በመጨረሻ እሺ አሉ። ከረመዳን በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት ግድግዳው እንዲፈርስ ተወሰነ። የሚያፈርሰው ጀማል ነው። ጀማል ቻምብሊ አካባቢ ቤት የሚያድስ፣ መዶሻ ሲይዝ ፊቱ የሚፈካ ወጣት ነው።

«አብሽሪ እታለም» አለኝ፤ «ሲምፕል ነው። ሃፍ ዴይ አይፈጅብኝም፣ ክሊን አድርጌ ነው የማስረክብሽ።»

መኪናዋ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው።

ማክሰኞ፣ የጠዋቱን ልጆች አድርሼ መስጂዱን ልከፍት ስመጣ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ግራጫ መኪና ቆማ አየሁ። ውስጧ ያረጀች ጥቁር አሜሪካዊት ተቀምጣለች። መስታወቱ ተዘግቷል። አትበላም፣ ስልክ አታወራም፤ ዝም ብላ መስጂዱን ታያለች። ምንጣፍ ጠርጌ ስወጣም እዚያው ናት። ረቡዕ እንደገና መጣች። በዚያን ቀን ግን ዓይኗ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር ደቅናለች። የእኛን ጣሪያ፣ የእኛን በር፣ የእኛን ጓሮ አንድ በአንድ ትቃኛለች።

የመኪናዋን ታርጋ ፎቶ አንስቼ ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት። ስልኬ ማረፊያ አጣ። አንዱ «ከሲቲ የመጣች ናት፣ ፈቃድ ልትጠይቅ» አለ። ሌላው «መስጂዱን የማይፈልጉት ሰዎች የላኳት ናት» አለ። «ማንም አያናግራት» ያለም አለ። እኔ ከሁሉም የባሰውን አሰብኩ። እኛ በሰላም የምንሰግድ ሰዎች ነን፤ ግን መስጂድ በር ላይ መነጽር ይዞ የሚቀመጥ ሰው ለበጎ ነው ብሎ ማን ያምናል? በየኢዱ በሩ ላይ ጥበቃ የምናቆመው በከንቱ አይደለም።

ሐሙስ እኔ በሩን ስከፍት ሴትዮዋ ከመኪናዋ ወረደች። ዱላ ይዛለች። በእርጋታ መንገዱን ተሻገረችና ከደረጃው በታች ቆመች። ሰላም አለችኝ፤ ሰላም አልኳት። ከዚያ ጥያቄዋን ጀመረች።

«ከሁሉ በላይ ሰው የሚበዛው በየትኛው ቀን ነው?»

«ይለያያል» አልኳት።

«አርብ ይመስለኛል» አለች፤ «ሴቶቹ በጓሮ በኩል ነው የሚገቡት፣ አይደል? ልጆቹም ከእነሱ ጋር ናቸው?»

«ለምን ፈለጉት?»

በዱላዋ በጎን በኩል ወደ ቆመው ትልቁ የቆሻሻ መጫኛ ጠቆመች። ጀማል ለቅዳሜ ያስመጣው ነው። «ይህን ያስመጣችሁት ለመካከለኛው ግድግዳ ነው?»

ያ ግድግዳ ከውጭ አይታይም። በመነጽርም፣ በምንም አይታይም። ይህች ሴት አንድ ቀን በራችንን አልረገጠችም። ታዲያ በመካከል ግድግዳ እንዳለ፣ እኛም ልናፈርሰው እንደሆነ ማን ነገራት?

«አታፍርሱት» አለች ዓይን ዓይኔን እያየች። «እባክሽ። አትንኩት።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ከበሩ በላይ ያለውን ጡብ አይታ ተወችው። «ቅዳሜ ነው?» ብቻ አለችኝ። ወደ ውስጥ ገባሁ። እሷም ተሻግራ ሄደች።

በሩን ከውስጥ ቆልፌ ቁጭ አልኩ። አእምሮዬ ውስጥ አንድ ስም ብቻ መጣ፤ ሐጂ። ያ ግድግዳ እንዳይፈርስ የሚፈልግ ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ማን አለ? እሺ ያሉት በአፋቸው ነው፤ አሁን ደግሞ የማናውቃት ሴት ልከው ሊያስፈራሩን ነው ብዬ ደወልኩላቸው።

«ሐጂ፣ ያችን ሴትዮ እርስዎ ነዎት የላኳት?»

«የቷን ሴትዮ?»

«ግድግዳውን አታፍርሱ የምትለውን።»

«ልጄ፣ እኔ መናገር ባስፈልገኝ ምላስ የለኝም? እንዲያውም ልደውልልሽ ነበር። በር ላይ ቆመሽ ስታወሪያት አይተናል ብለው ነገሩኝ። ጋዜጠኛ ያመጣሽብን መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።»

እኔ እሳቸውን ስጠረጥር እሳቸው እኔን ይጠረጥሩ ነበር። ተሳሳቅን፤ ግን ሳቁ ከጉሮሯችን አላለፈም። ስልኩን ስዘጋ እንኳ በሙሉ ልቤ አላመንኳቸውም።

ለጀማል ደውዬ ግድግዳው ከመከለል ሌላ ሥራ ሊኖረው ይችል እንደሆነ ጠየቅኩት። «ወላሂ ቼክ አድርጌዋለሁ» አለ። «በእጄ ኖክ አደረግኩት፣ ባዶ ነው የሚጮኸው። ፓርቲሽን ነው፣ መከለያ ብቻ። ሴትዮዋ ታስፈራራሽ፣ አንቺም ትፈሪያለሽ? ይህን ሁሉ ፋይት አድርገሽ?»

እውነቱን ነው። ይህን ሁሉ ተከራክሬ አንዲት መንገደኛ ስላለችኝ ልተወው? አልተውኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት መስጂዱ የሠርግ ቤት መሰለ። ሴቶቹ ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ጓንትና መጥረጊያ ይዘው መጡ። ምንጣፉን ጠቅልለን አወጣን። ልጆቹ የመጀመሪያውን ምት ለማየት ከግድግዳው ሥር ተኮለኮሉ። ጀማል ትልቁን መዶሻ ይዞ «እታለም፣ ፈርስቱን አንቺ ነሽ የምትመቺው፤ ዲዘርቭ ታደርጊያለሽ» አለኝ። እውነት ለመናገር እጄ ይበላኝ ነበር። መዶሻውን ተቀበልኩት።

ሐጂ ከፊት በር በኩል ጠሩኝ። «ዘይነብ! ሴትዮሽ መጣች።»

መዶሻውን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆማለች። ደፉ ጋ ደርሳ አልተሻገረችውም።

«ልጆቹን ከውስጥ አስወጡ» አለች። ድምፅዋ ከፍ ያለ ነበር። «ያ ግድግዳ ጣሪያውን ተሸክሟል።»

«ሐጂ፣ ፖሊስ ኮል እናድርግ» አለ ጀማል ከኋላዬ። እኔም ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩን ነክቻለሁ፤ የቀረኝ መጫን ብቻ ነው። ጣቴን እዚያው ይዤ አየኋት። ልታጠቃ የመጣች ሰው «ልጆቹን አስወጡ» አትልም። ግን ደግሞ ተንኮለኛ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ሁለቱም ሐሳብ ባንድ ጊዜ ነበር የመጣልኝ።

«ይህን እንዴት አወቁ?» አልኳት። «ውስጥ ገብተው አያውቁም። ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ጀማል ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

«ማንም እንዲህ ማለት ይችላል» አልኩ። «እርስዎ ከሠሩት፣ እዚህ ለዓመታት የሰገድነው ሰዎች የማናውቀውን አንድ ነገር ይንገሩኝ።»

ለማሰብ ጊዜ አልወሰደችም። «ሴቶቹ የሚቀመጡባት ክፍል ኮርኒስ ካላት፣ ኮርኒሱ የእኔ አይደለም። በኋላ የመጣ ሰው ነው የሰቀለው። አንዱን ቁራጭ ወደ ላይ ግፉትና አብሩበት።»

ልጆቹን አስወጣን። ጀማል እያጉረመረመ መሰላል አቆመ፤ እኔ ከሥር ያዝኩለት። የኮርኒሱን አንድ ቁራጭ ሲገፋው የዘመናት አቧራ ፊቴ ላይ ወረደ። ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ገባ። መብራቱ ወዲያ ወዲህ ሲል ይታየኛል፤ ድምፁ ግን የለም። ያ ልጅ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም።

«ጀማል?»

ሲወርድ መብራቱን ሰጠኝ። «ወጥተሽ እዪው» አለኝ በሹክሹክታ።

ወጣሁ። ከኮርኒሱ በላይ ሌላ ቤት ነበር። ጣሪያው ከፍ ብሎ ይሄድና፣ ጫፉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የመስኮት ረድፍ አለ። ከውጭ ቆርቆሮ ተመቶበታል፤ መስታወቱ ጠቁሯል፤ ግን በስንጥቁ በኩል ቀጭን የፀሐይ ብርሃን ይገባል። ያ ሁሉ ጣሪያ ወፍራም የብረት ምሰሶዎች ላይ ያረፈ ነው። ምሰሶዎቹም ወርደው ወርደው የሚገቡት ልመታው መዶሻ ባነሳሁለት ግድግዳ ውስጥ ነው። ባዶ የሚጮኸው በመካከላቸው ያለው ብቻ ነበር። ከግድግዳው ሥር የተኮለኮሉትን ልጆች አሰብኩ። መሰላሉን አቅፌ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ «ሴትዮዋ» ማለት አልቻልኩም። ስማቸው ሚስ ሎሬን ነው። ይግቡ ስንላቸው ደፉ ላይ እንደገና ቆሙ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ማንም አልነገራቸውም። ሐጂ ወንበር አቀረቡላቸው። ሰማንያን አልፈዋል፤ ሲናገሩ ግን ልክ አሁን ከሥራ እንደወጣ ሰው ነው።

«አባቴ ግንበኛ ነበር» አሉን። «በዚህ ከተማ ብዙ ትልልቅ ቤቶችን ገንብቷል፤ በፊት በር የገባባቸው ግን አልነበሩም። ልጅ ሆኜ ‹የት ጋ ግድግዳ እንደሚቆም ማን ነው የሚነግርህ?› ብዬ ጠየቅኩት። ‹አርክቴክት› አለኝ። ‹እኔም አርክቴክት እሆናለሁ› ስለው ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም።»

ትምህርት ቤት ውስጥ ሴትም ጥቁርም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሲመረቁ ሚድታውን ያለ አንድ ቢሮ ቀጠራቸው፤ የመሥሪያ ጠረጴዛቸውን ግን ከኋላ፣ መስኮት የሌላት ዕቃ ቤት ውስጥ አደረጉት። ደንበኛ ሲመጣ በሩ ይዘጋባቸዋል። እሳቸው የነደፉትን ሌላ ሰው ይዞ ገብቶ ያብራራል።

«በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ» አሉ ሚስ ሎሬን። «ሲሳሳት እሰማለሁ። ማረም ግን አልችልም።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ያቺ ስፒከር ትዝ አለችኝ።

ይህ ቤት በቢሮው ዘንድ እዚህ ግባ የማይባል ሥራ ነበር፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ ለጥቁሮች የሚሠራ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት። የሚሽቀዳደምበት ሰው ስላልነበረ ለእሳቸው ተሰጣቸው። ዕቃ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው ነደፉት። የሕንጻውን ምርጥ ብርሃን ለፊተኛው አዳራሽ አልሰጡትም። መጻሕፍት የሚጠግኑትና የሚያጸዱት ሠራተኞች ለሚቀመጡባት የኋላ ክፍል ሰጡት። አለቃቸው ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው «ለወጪ ይሻላል» ብለው ዋሹት።

የምረቃው ዕለት ቢሮ እንዲቆዩ ተነገራቸው። ከበሩ በላይ ጡቡ ላይ ተጽፎ የነበረው የአለቃቸው ስም ነው። እሳቸው በከተማ አውቶቡስ መጥተው፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ሪባኑ ሲቆረጥ አዩ። «ሐሙስ ማን ነዎት ስትዪኝ ያ ስም የነበረበትን ጡብ አይቼ ቃል አጠረኝ» አሉኝ።

«ከዚያ በኋላ ከፀጉር አስተካካይ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የራሴን ቢሮ ከፈትኩ» አሉ። «ብዙ ሠራሁ። ቤተ ክርስቲያን ሠራሁ፣ ክሊኒክ ሠራሁ፣ ትምህርት ቤት ሠራሁ። ስሜ ያለባቸው አሉ። ከእኔ ዘንድ ተምረው ዛሬ ትልቅ ቢሮ ያላቸው ልጆችም አሉኝ። የመጀመሪያዬ ግን ይህ ነው። አንዳንዴ መጥቼ አየዋለሁ፤ ሁልጊዜ ከማዶ። ልማድ ሆነብኝ። በዚህ ሳምንት የቆሻሻ መጫኛውን ሳይ ፈራሁ፤ እዚህ ቤት ውስጥ ያን የሚሞላ ግድግዳ አንድ ብቻ ነው።»

«ሴቶቹ በጓሮ እንደሚገቡ ለምን ጠየቁኝ?» አልኳቸው። አሁንም ቢሆን ያ ጥያቄ አልወጣልኝም ነበር።

ፈገግ አሉ። «በጓሮ በር የሚገባ ሰው አይጠፋኝም። በዚያች ክፍል ውስጥ አሁን ማን እንዳለ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

እንግዲህ ግድግዳው ሊቀር ነው። የዚያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቃችሁም፤ ልጆቹ በመትረፋቸው አላህን አመሰገንኩ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። «ስለዚህ ከጀርባው ልንቀር ነው?» አልኩ።

«አታፍርሱት አልኩ እንጂ አትክፈቱት አላልኩም» አሉ ሚስ ሎሬን። ከጀማል ላይ የአናጢ እርሳስ ተቀብለው ተነሱ። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ሄዱ። ምሰሶ ያለበት ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ምልክት ያደርጋሉ። በምሰሶዎቹ መካከል ሰፋፊ ክፍተቶችን ሳሉ። «ይህ ይውጣ፤ ይህም ይውጣ። ይህኛው ይቆይ። ከዚህ ከተቀመጥሽ ፊት ለፊት ያለውን ሰው እስከ እግሩ ታዪዋለሽ።» ወደ ጀማል ዞረው «ያለ ፈቃድና ያለ መሐንዲስ ግን አንድ ጡብ እንዳትነካ። ተማሪዬን እልክልሃለሁ» አሉት። ጀማል እንደ ትምህርት ቤት ልጅ አንገቱን ነቀነቀ።

ሐጂ እስካሁን አላመኑም ነበር፤ ዓይናቸውን አውቀዋለሁ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው በአማርኛ «ይህን ሁሉ የሚያደርጉልን ምን ፈልገው ነው? ጠይቂያቸው» አሉኝ። አፍሬም ቢሆን ጠየቅኩ፤ እኔም ማወቅ ፈልጌ ነበርና።

ሚስ ሎሬን እርሳሱን ለጀማል መለሱለት። «ሲያልቅ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቀን፣ በፊት በር መግባት እፈልጋለሁ» አሉ።

ተረጎምኩላቸው። ሐጂ ጺማቸውን እየነኩ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ቀና አሉና «በያቸው፣ በፊት በር ይገባሉ» አሉኝ። ወደ ሴቶቹም ዞረው «እናንተም አብራችኋቸው ግቡ። ከዚያን ቀን በኋላም በዚያው ነው» አሉ። እኔ ለግድግዳው ስታገል ስለ በሩ አንድ ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም ነበር።

ሥራው ለዚያ ረመዳን አልደረሰም፤ ለዓረፋ ኢድ ግን ደረሰ። ኮርኒሱ ወረደ፤ ቆርቆሮው ተነሳ። ያቺ ጨለማ ክፍል ከቤቱ ሁሉ ብሩህ ሆነች። እንዲያውም አሁን አንዳንድ ወንዶች ቀደም ብለው እየመጡ ቁርኣን የሚቀሩት በእኛ በኩል ነው፤ ስንደርስ እናስነሳቸዋለን። በኢዱ ቀን ከሶላት በኋላ ማይክሮፎኑን ሐጂ ለእኔ ሰጡኝና ይህ ቤት የማን ሥራ እንደሆነ ለጀመዓው ተናገርኩ። ሚስ ሎሬን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ስማቸው ሲጠራ ሰሙ። አላለቀሱም። ወደ ጣሪያው ነው ያዩት፤ አንድ የሚታረም ነገር ሳያገኙ አልቀሩም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስታነቡ «በቃ፣ ከእንግዲህ ሰው አልጠረጥርም» እንድል ትጠብቁ ይሆናል። አልልም። ዛሬም መስተዋት አያለሁ፤ ዛሬም የቆመ መኪና ያስበረግገኛል፤ ልጆች ጭኜ እየሄድኩ ሌላ ልሁን ብልም አልችልም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሳምንት ያልጠረጠርኩት ሰው አልነበረም፤ ሴትዮዋን፣ ሐጂን፣ ከተማውን፣ ሁሉንም። እነዚያን ልጆች ሊገድል የነበረው ግን እኔ እጅ ላይ ያለው መዶሻ ነው። ትክክል ነኝ ብዬ ስለማምን እሱን አልጠረጠርኩትም። ትክክልም ነበርኩ። ያም ሆኖ ጣሪያው ይወርድ ነበር። እንግዲህ ዛሬ አንድ ነገር በጣም ስፈልግ፣ መጀመሪያ ጥርጣሬዬን የማዞረው ወደ ራሴ ነው። ከዚያ ደግሞ መኪና ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ሄጄ «ማን ነዎት?» እለዋለሁ፤ መልሱንም እጠብቃለሁ።

ግራጫዋን መኪና አሁንም አያታለሁ። ሚስ ሎሬን አንዳንድ ጁምዓ ይመጣሉ፤ አይሰግዱም፣ ብርሃኑ ሥር ቁጭ ይላሉ። ከመንገዱ ማዶ ግን አያቆሙም። ከፊት በሩ አጠገብ ያለችውን ቦታ ሐጂ ራሳቸው ቆመው ይጠብቁላቸዋል።